ስሙ ከመነበቡ በፊት

"አኮ፣ ሪከርደሬን አይተውታል?"

ፌኔት ይህን ስትል ፍራሹን ገልብጣ፣ ሳጥኑን በርብራ፣ የአልጋውንም ስር በስልኳ መብራት ፈትሻ ጨርሳ ነበር። አኮ የምትላቸው አያቷ እማማ ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና እንኳ ሳይሉ፣

"የቱን?" አሏት።

"ጥቁሩን። የምቀዳበትን።"

"እኔ ምን አውቄ? አይጥ ወስዶት ይሆናል።"

"አይጥ ሪከርደር ምን ያደርግለታል?"

"የዘንድሮ አይጥ ምን የማይወስደው አለ!"

ምስሩን ሲለቅሙት ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ጠጠሩ በመጀመሪያው አልቋል። ሪከርደሩ ከእሳቸው አራት እርምጃ ርቆ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የሽሮው ጣሳ ውስጥ ተቀብሯል። ማለዳ ልጅቷ ፊቷን ስትታጠብ ነው ያስገቡት። ሲያስገቡትም፣ "አምላኬ፣ ውሸት እንደማልወድ ታውቃለህ። የዛሬዋን ብቻ ዝም በለኝ" ብለው ነበር።

ዝም የሚያሰኝም ቀን ነው። ታህሳስ 2008 ሰበታን እንዲህ አድርጎ ይዟታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሚኒባስ የለም፣ የጅማው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ የፋብሪካው ሠራተኛ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ተማሪው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ወጥቷል። ገበሬውም የእርሻው ጠርዝ ላይ ችካል ሲያይ እንቅልፍ አጥቷል። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ ተኩስ ተሰማ። ሲመሽ ለሠፈሩ ሽማግሌ ለኦቦ ቀጄላ ስልክ ተደወለ። አንድ ወጣት ሞቷል፤ ሬሳው አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ካለ ሆስፒታል ነው፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘው መታወቂያ ሚልኬሳ ይላል።

ሚልኬሳ የጎረቤታቸው የዱርሲቱ አንድ ልጅ ነው።

ከንጋት በፊት ሠፈሩ በሙሉ ሰማ። ያልሰማችው እናቱ ብቻ ናት። እንዲህም ነው የሚሆነው፤ እናት ከሁሉ በኋላ ነው የምትሰማው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ስትወድቅ ከኋላ የሚይዛት ሰው ይመደባል፣ ከዚያ በኋላ ነው መርዶ የሚነገረው። ዱርሲቱን ከኋላ እንዲይዙ የተመደቡት እማማ ድንቅቱ ናቸው። ለዚህ ነው ምስሩን ሦስት ጊዜ የለቀሙት።

ከአጥሩ ማዶ ዱርሲቱ ታንጎራጉራለች። የልጇን ሸሚዝ አጥባ ገመድ ላይ እያሰጣች ነው። ልጇ ፉሪ አክስቱ ዘንድ እንዳደረ ነው የምታውቀው።

የፌኔት ስልክ ጮኸ። ማዳመጫው ከተበላሸ ሰንብቷልና ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው፤ አሁን ግን ከአጥሩ ማዶ እንዳይሰማ ስልኩን በሻርፗ ሸፈን አድርጋ ያዘችው። የምትሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ አለቃዋ ይገዙ ነበር።

"ፌኔት፣ የሰበታው ልጅ ስም ወጥቷል። ሚልኬሳ። ፌስቡኩ ሁሉ በፎቶው ተሞልቷል። ጎረቤትሽ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

"ጎረቤቴ ነው፣ ጋሼ ይገዙ። ግን ሬሳውን ያየ ሰው የለም። መታወቂያው ነው የተነበበው።"

"መታወቂያ ከተገኘ ሌላ ምን ቀረ?"

"ፊቱ።"



"ደግሞ እናቱ አልሰማችም" አለች ፌኔት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ አጥሩ እያየች። "የእኛን ጣቢያ ነው የምትከፍተው። እኔ አለሁበት ብላ ነው የምትከፍተው። በሬዲዮ ላረዳት ነው?"

"ይኸውልሽ፣ ላስፈራራሽ አይደለም። ሌላው ሁሉ ብሎታል፤ የቀረነው እኛ ነን። የሙከራ ጊዜሽ ደግሞ አርብ ያልቃል። ምን ሠራች ሲሉኝ የማሳየው ነገር ስጪኝ። ለስድስት ሰዓት ዜና ስሙን አንቺ ካላነበብሽው እዚህ ያለ ሰው ያነበዋል።"

"ፊቱን አይቼ ልደውል። እስከዚያ ጠብቁኝ።"

"ለስድስት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን። ከዚያ አንድ ደቂቃ አልጨምርም።"

ሰፌዱ ከእማማ ድንቅቱ ጉልበት ላይ ተንሸራተተ። ምስሩ ደጃፉን ሞላው።

"ፊቱን አይቼ? ማን ነው ሬሳ የሚያየው? አንቺ?"

"ሌላ ማን አለ፣ አኮ?"

"መንገዱ ዝግ ነው!"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ይተኩሳሉ!"

"ዛሬ ጸጥ ብሏል።"

"ትናንትም ጸጥ ብሎ ነበር እኮ፣ እስኪተኮስ!"

እማማ ድንቅቱ የሚፈሩት እንዲያው ሴት ስለሆኑ ወይም ስላረጁ አይደለም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ የሚፈሩትን ለይተው ያውቃሉ። ገርባ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የትምህርት ቤቱን የግድግዳ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም እንደነኩ ናቸው። አንድ ቀን ሊጠይቁት የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ነግረው ወሰዱት። ለእሱ መርዶ እንኳ አልተነገረም። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ ነው የኖሩት።

እና ይህች ልጅ፣ የልጃቸው የኢፋ ልጅ፣ በስድስት ዓመቷ እናት አባቷን በመኪና አደጋ አጥታ በእሳቸው እቅፍ ያደገች ልጅ፣ ከሥራ ሁሉ ይህን መረጠች። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ውስጥ የሰልፍ ሰዓት ዜና ስታነብ "ድምጿ ሲያምር" አሉ። ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ደረሰኝ ስትል ሁለት ቀን እህል አልበሉም። ተመርቃ ሁለት ዓመት ማስረጃዋን በክላሰር ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ደግሞ፣ ሥራ ስላላገኘች አዘኑ፤ ስላላገኘችም በሆዳቸው ደስ አላቸው። ባለፈው መስከረም ጣቢያው ለሦስት ወር ሙከራ ሲቀበላት የመጀመሪያ ሥራዋ የሰበታ የውሃ ቧንቧ ነበር። ጣቢያው አራት ጊዜ አልበቃም ብሎ መለሰባት፤ አራት ጊዜ ሄዳ ደግማ ሠራችው። ቧንቧው ሲጠገን እንኳን ሠፈሩ መሐንዲሱም አመሰገናት። የውሃ ዜና ጥሩ ነው። በውሃ ዜና ሰው አይወሰድም።

"ኢንተላ ኮ፣" አሉ አሁን፣ ሲያባብሉ እንደሚያደርጉት በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጀምረው። "ልጄ፣ ይቅርብሽ። ሥራው ይቅር። ከድሩ ሱቅ ትገቢያለሽ፤ ሒሳብ የምትይዝ ሰው ይፈልጋል።"

ፌኔት የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ሳቀች።

"ልጅ ሳለሁ ከድሩ ስኳር የጠቀለለበትን ጋዜጣ እያራገፈ ያስነበበኝ ማነው?"

"ማንበብ እንድትለምጂ ነው! ልትጽፊው ነው እንዴ?"

"ታዲያ ማን ይጻፈው?"

እማማ ድንቅቱ ግንባራቸውን ይዘው፣ "የደም ግፊቴ ተነሣ" አሉ።

ፌኔት መጥታ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። ምስሩን በእፍኟ እያፈሰች ወደ ሰፌዱ መለሰች።

"ሪከርደሩ ይቅር፣ በስልኬ እቀዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግን ይማሉልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ዜና መርዶው አይነገር።"

"ኦቦ ቀጄላ አምስት ሰዓት ብለዋል። ሬሳው ስምንት ሰዓት ላይ ይለቀቃል። እናት ሳትሰማ ሬሳ ደጇ ሊደርስ ነው?"

"ሌላ ሰው ቢሆንስ?"

"በመታወቂያው እኮ ነው ያወቁት..."

"አኮ፣ ፊቱን ያየ የለም። አንቱ ካልገቡ እነሱ አይገቡም። ከኋላ የሚይዟት አንቱ ነዎት።"

ጉንጫቸውን ስማቸው ወጣች። እማማ ድንቅቱ የግቢውን በር ይዘው፣ ሰማያዊ ሻርፗ ከድንጋዮቹ ክምር ኋላ እስኪጠፋ ድረስ አዩዋት። ከዚያ ጓዳ ገብተው የሽሮውን ጣሳ ከፈቱ። ፌስታሉን ነኩት። መልሰው ከደኑት።

አራት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። እማማ ድንቅቱ ስልካቸውን አጠፉ፣ አበሩ፣ ጣሪያ ሥር አነሱት፣ ደጅ አወጡት። ጎረቤት ጠየቁ። የማንም አይሠራም። ከዚያች ሰዓት በኋላ ሰበታን ከውጭ የሚያገናኛት መስኮታቸው ላይ የተቀመጠው ባለ ባትሪ ሬዲዮ ብቻ ሆነ።

አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ስምንት ሆነው ነው። ከፊት ኦቦ ቀጄላ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀጥሎ ባለ ሱቁ ከድሩ ቆቡን አድርጎ፣ ከዚያ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን ለኀዘን ዘቅዝቀው። ሁሉም በጓሮ በኩል ነው የገቡት፣ ዱርሲቱ እንዳታያቸው። ሳሎኑ ጢም አለ።

"አካም ቡልተን?" አሉ ኦቦ ቀጄላ እንዴት አደሩ ለማለት። "በሉ፣ አንቆይ። ድንቅቱ፣ ነጠላዎን ይልበሱ።"

"ኪኒኔን ልዋጥ።"

ዋጡ። ውሃው አነሰኝ ብለው ሌላ ቀዱ።

"አሁንስ?"

"ነጠላዬ... የትኛው ሳጥን እንዳስገባሁት..."

"ትከሻዎ ላይ ነው" አለ ከድሩ ቀስ ብሎ።

"ይሄ የአዘቦቱ ነው!"

ኦቦ ቀጄላ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ፉሪ ካለው እርሻቸው ግማሹ ላይ ችካል ተተክሏል፤ ዛሬ ግን ስለ እርሻቸው ያነሣ የለም።

"እኔም እኮ አልፈልግም" አሉ። "ያንን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ግን ዘገየን ማለት ጭካኔ ነው። ሬሳው በመንገድ ላይ ሆኖ፣ አላፊ አግዳሚው ቢነግራትስ?"

"እስከ ስድስት ሰዓት" አሉ እማማ ድንቅቱ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። "ፌኔት ፊቱን ልታይ ሄዳለች። እስከ ስድስት ሰዓት ዜና ጠብቁ ብላኛለች።"

"ፌኔት ልጅ ናት።"

"ጋዜጠኛ ናት።"

ይህ ከአፋቸው መውጣቱ ለራሳቸውም ገረማቸው። ለሦስት ወር ሙሉ "ምን ትሠራለች?" ላላቸው ሁሉ "ሬዲዮ አካባቢ" ብቻ እያሉ ነው የመለሱት።

"ድንቅቱ፣" አሉ ኦቦ ቀጄላ፣ "ስሙ በየቦታው ተብሏል። ያቺ ልጅ ብቻዋን ምን ታመጣለች?"

እማማ ድንቅቱ ሊመልሱ ሲሉ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ሳይጠብቁም ተከፈተ። ዱርሲቱ ነበረች፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ሳይደርቅ፣ ፊቷ በራ ብሎ።

"እማማ ድንቅቱ፣ የሬዲዮዬ ባትሪ አለቀ። ፌኔትን እዚህ ልስማ ብዬ..." አለችና ቆመች። "ምነው፣ ስብሰባ ነው?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ወደ ጭናቸው አወረዱ። ከድሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የ... የእድሩ ድንኳን ነው። ተቀድዷል። ሸራ እንግዛ እያልን ነው።"

"ስለ ድንኳን እንዲህ ዝም ብላችሁ?" ዱርሲቱ ሳቀች። "ተነሺልኝ እስቲ እህቴ፣ ልቀመጥ። የእኔም ድምፅ ለአዲስ ሸራ ነው። ያ ድሮውንም ያፈሳል።"

በመካከላቸው ተቀመጠች። ዙሪያዋን ሊያረዷት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ስለ ሸራ ታወራለች። ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። እማማ ድንቅቱ ሬዲዮው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ዘፈን ይጫወታል። ሩብ ጉዳይ አልፏል። ወይ ፌኔት ደውላለች፣ ወይ አልደወለችም። ካልደወለች አሁን ይህ ሣጥን በማያውቁት ሰው ድምፅ የሚልኬሳን ስም ይጠራል። ዱርሲቱም እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ትሰማዋለች። ከደወለችም ምን እንዳየች ማን ያውቃል? ፊቱን አይታ፣ እሱ ሆኖ ቢሆንስ? ፌኔት እውነቱን ነው የምትናገረው። ሌላ አታውቅም። ውሸት ከእሳቸው አልወረሰችም፤ እሳቸው ዛሬ ነው የጀመሩት።

ዘፈኑ ቆመ። የዜናው ምልክት ተሰማ።

ኦቦ ቀጄላ ከዱርሲቱ ጀርባ ሆነው እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ፤ ያጥፉት ማለታቸው ነው። ከድሩም ራሱን ነቀነቀ። የእማማ ድንቅቱ ጣቶች ቁልፉ ላይ ናቸው። ወደ ግራ ትንሽ ቢያዞሩት ያበቃል። ዱርሲቱን በሥርዓቱ፣ በወጉ፣ ከኋላ ይዘው ይነግሯታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ወደ ግራ እያዞሩ ነው፤ አይሰማ፣ አይነገር፣ አይነካ እያሉ።

ወደ ቀኝ አዞሩት። ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"...ሪፖርተራችን ፌኔት ኢፋ በስልክ መስመር ላይ ትገኛለች። ፌኔት?"

"እየሰማኋችሁ ነው። ዜናዬን ከመጀመሬ በፊት ሰበታ ላሉ አድማጮች አንድ ድምፅ ላሰማ።"

የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የጎረምሳ ድምፅ፣ ደርቆ፣

"እማ። እኔ ነኝ፣ ሚልኬሳ። ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም። አለሁ። ምሳ እንዳትጠብቂኝ ግን፣ እግሬ እስኪያደርሰኝ ድረስ..."

የቀረውን ማንም አልሰማውም። ከድሩ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። አንዷ ሴት እልል አለች፤ ሁለተኛዋ ልትከተላት አፏን ከፍታ በለቅሶ ታፈነች። ኦቦ ቀጄላ ከዘራቸው ወድቆ ሳያነሡት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ዱርሲቱ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ምን ሆናችሁ ነው? ልጄ ሬዲዮ ላይ ቢወጣ ይሄን ያህል ያስለቅሳል? ለመሆኑ ምን አስሮጠው ነው እግሬ እስኪያደርሰኝ የሚለው?"

ሬዲዮው ቀጠለ። ፌኔት ናት፤ ቃሏን እየለካች፣ ሳትቸኩል። "ትናንት በተተኮሰ ጥይት ሕይወቱ ያለፈው ወጣት ሚልኬሳ ነው ተብሎ የተሰራጨው ስህተት ነው። ሆስፒታሉ ተገኝቼ የሟቹን ፊት አይቻለሁ። መታወቂያው የተገኘው ሟቹ ከጓደኛው በተዋሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። የሟቹን ስም አረጋግጠናል። ቤተሰቡ በወጉ እስኪረዳ ድረስ ግን አንጠራውም።"

ዱርሲቱ አሁን አልሳቀችም። የሴቶቹን ጭን አየች፤ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች። የከድሩን እርጥብ ጺም አየች። ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች።

"ድንኳን አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ልትነግሩኝ ነበር የመጣችሁት።"

ልትነሣ ስትል እግሯ ከዳት። እማማ ድንቅቱ ከሬዲዮው ዘለው ደረሱላት፤ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው እንዲያ መዝለላቸውን በኋላ ሠፈሩ ሲተርከው ከረመ። ከኋላ ያዟት። የተመደቡትም ለዚህ ነበር። ያዟትና ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እስኪበቃቸው አለቀሱ። እልልታው ከበላያቸው ቀጠለ። ከጎረቤት ግቢ ሌላ እልልታ መለሰ፣ ከዚያ ከወዲያኛው፣ ከዚያ ከመንገድ ማዶ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ፌኔትና ሚልኬሳ መጡ፤ አቧራ ለብሰው፣ እሱ እያነከሰ። ዱርሲቱ ልጇን መጀመሪያ በጥፊ መታችው፤ ቀጥላ አቀፈችው። "ያንን ጃኬት ለማን ነው የሰጠኸው?" አለችው። ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። ራሱን ወደ አንገቷ ሳበችው።

ከድሩ ከሱቁ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስወጣ።

"ይቺ በነጻ ናት" አለ።

"ከድሩ በነጻ ሰጠ? ይሄም ለስድስት ሰዓት ዜና ይሆናል!" አለች አንዷ። ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀ ሠፈር ሳቀ።

ኦቦ ቀጄላ ፌኔትን ጠርተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቋት፤ ሰዉ "አሜን" ሲል ቆየ። መጨረሻ ላይ በአማርኛ፣ ወደ እማማ ድንቅቱ ዘወር ብለው፣ "ጋዜጠኛ ናት" አሉ።

ቤት ሲገቡ ፌኔት እግሯን በለብታ ውሃ ነክራ ተቀመጠች። ተረከዟ ተልጧል። እማማ ድንቅቱ እያሹላት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሬሳ ቤት በር ላይ ሦስት ጊዜ እንደመለሷትና አራተኛ ጊዜ እንደገባች፣ የቆሰለ አንድ ተማሪ ስለ ጃኬቱ እንደነገራትና ሚልኬሳን ከሌሎቹ ጋር ወደ ፉሪ ሲሮጥ እንዳየው፣ ሰብሪያ የምትባል የፉሪ ባለ ሱቅ ሚልኬሳን ጨምሮ አምስት ተማሪ የዱቄት ማከማቻዋ ውስጥ ደብቃ ሻይ ስታጠጣ እንዳደረች። ከፉሪ ሰበታ መደወል አይቻልም፤ ጣቢያው ጋ ግን ይገባል።

"ጋሼ ይገዙ ከሟቹ ዜና እንጀምር አለኝ። እኔ ከሚልኬሳ ድምፅ ካልሆነ አልገባም አልኩት። እትዬ ዱርሲቱ የሞተ የሚለውን ቃል ከስሙ ጋር አንድ ላይ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ እንድትሰማው አልፈለግኩም።"

"ለአለቃሽ እንዲህ አልሽው?"

"አልኩት። ከዜናው በኋላ ደግሞ የሟቹን ስም ጠየቀኝ። ማንም የለውም፣ እኛ እንቅደም አለኝ። መርዶ ሳይነገር አልሰጥም አልኩት።"

የእማማ ድንቅቱ እጅ ተረከዟ ላይ ቆመ። "አባረረሽ?"

"አላባረረኝም። 'አንቺ ጻፊውና የጣቢያው ደንብ እናድርገው' አለኝ።" ፌኔት እንባና ሳቅ ተቀላቀለባት። "አርብን አልጠበቁም፣ አኮ። ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሪፖርተር ነሽ አለኝ።"

እማማ ድንቅቱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን አንድ ነገር ያዛቸው።

"የዚያኛው እናት የት ናት?"

"ሱሉልታ። ነገ ጎህ ሲቀድ ይነግሯታል።"

እልልታው እንደቀረ ቀረ። ፎጣ አንሥተው እግሯን አደረቁላት።

በማግስቱ ጠዋት ፌኔት ተነሥታ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ፣ እማማ ድንቅቱ ቀድመዋት ጓዳ ነበሩ። ጣቢያው ወደ ሱሉልታ የሚሄድ መኪና እስከ አለም ገና እንደሚልክላት ነግሯታል፤ እስከዚያ በእግሯ ነው። ቀኑም ያው ነው፤ ድንጋዩ ከመንገዱ አልተነሣም፣ ኔትወርኩም አልተመለሰም። እማማ ድንቅቱ ሌሊቱን "ይቅርብሽ" የሚለውን በስንት ዓይነት እንደሚሉት ሲያሰላስሉ አድረዋል። ወገባቸው ያማል፣ ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ብቻቸውን ይፈራሉ። ሁሉም ውሸት አልነበረም።

ከጓዳ ሲወጡ አንድ እጃቸው ላይ ጥቁሩ ሪከርደር ነበር። በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉት ነው። ቁልፎቹ መሐል የገባውን ሽሮ በመርፌ እየቆፈሩ አወጡ።

ፌኔት አየቻቸው። ሪከርደሩን አየች።

"አይጡ መለሰው?"

"መለሰው።" ዓይኗን አላዩአትም። "ከድሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አዲስ ባትሪ አስገብቼበታለሁ። ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ።"

ፌኔት ስታጫውተው የእማማ ድንቅቱ ድምፅ ወጣ፤ "አንድ፣ ሁለት... ይሄ ነገር ይሰማል?... እናንተ ሰዎች፣ ልጄን አደራ።"

ልጅቷ ልትስማቸው ጎንበስ አለች። እማማ ድንቅቱ ግን ጊዜ አልሰጧትም። ከሳጥናቸው ያወጡትን የራሳቸውን የኀዘን ነጠላ አጥፈው ቦርሳዋ ውስጥ ከሪከርደሩ በላይ አስቀመጡ።

"ስትገቢ መጀመሪያ ይሄን ዘቅዝቀሽ ልበሺ" አሏት። "ከእናቲቱ ጋር ተቀምጠሽ አልቅሺ። ያንን ዕቃ ከቦርሳሽ የምታወጪው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሷ እሺ ካለችሽ።"

ዚፑን ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ በሩን ከፈቱላት።